ሞራው ተነሥቶ ዓይን ካልጠራ፦ ስኳር ያለባት እህት ከኦፕሬሽን በፊትና በኋላ ማወቅ ያለባት

«ኦፕሬሽን ተደርጎልኝ ለምን አላየሁም?» ከጅዳም ከመካም የሚደውሉልኝ እህቶች ይህን ጥያቄ ደጋግመው ያነሡታል። ብዙዎቹ ስኳር ያለባቸው ናቸው። የዓይን ሞራቸው ተነሥቶላቸዋል፣ ጠብታቸውን ጨርሰዋል፣ የስልካቸውን ፊደል ግን አሁንም አጥርተው አያነቡም። ሐኪሙ ያበላሸው ይመስላቸውና ተስፋ ቆርጠው ቀጠሯቸውን ይተዋሉ። ብዙ ጊዜ ግን ሞራው በደንብ ተነሥቷል። ችግሩ ከሞራው ኋላ ያለው፣ ስኳር ያመጣው እብጠት ነው። እሱ ደግሞ ሕክምና አለው፤ በጊዜ ከተደረሰበት።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ጅዳ ሰው ቤት ሠርቼ አረብኛውን ስለለመድኩት ዛሬ በበጎ ፈቃድ እህቶችን ወደ ሐኪም ቤት አጅባለሁ፣ በስልክም አስተረጉማለሁ። እዚህ የጻፍኩት ሐኪምሽን በደንብ እንድትጠይቂ ይረዳሻል፤ ሐኪምሽን አይተካም።

ሁለት በሽታ፣ አንድ ዓይን

ዓይንሽን እንደ ክፍል አስቢው። ከፊት መስኮት አለ፣ ከኋላ ደግሞ ብርሃኑ የሚያርፍበት ግድግዳ። መስኮቱ ሌንስ ይባላል። ሞራ ማለት ይህ መስታወት ሲደፈርስ ነው። ከዕድሜ ጋር በማንም ላይ ይመጣል፤ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ግን ቀድሞ ይመጣል፣ ቶሎም ይጠነክራል። በኦፕሬሽን የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ጥርት ያለ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል።

የኋላው ግድግዳ ሬቲና ነው። የሬቲናው መሐል ማኩላ ይባላል፤ ፊደል የምናነብበት፣ መርፌ የምንሰካበት፣ የሰው ፊት የምንለይበት ቦታ ነው። ስኳር ለዓመታት ከፍ ሲል የሬቲናን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳቸዋል። የተጎዳ ሥር እንደሚያንጠባጥብ ቧንቧ ፈሳሽ ያወጣል፣ ማኩላውም ውሃ ቋጥሮ ያብጣል። ግድግዳው ረጥቦ ካበጠ መስኮቱን የቱንም ያህል ብታጸጂው ሥዕሉ አይጠራም።

ሌላም ነገር አለ። ማንኛውም ኦፕሬሽን ዓይን ውስጥ መጠነኛ ብግነት ይፈጥራል። ስኳር የጎዳው ሬቲና ይህን ብግነት በቀላሉ አይችለውም። ስለዚህ ከኦፕሬሽኑ በፊት የነበረ እብጠት ሊብስ፣ ያልነበረም ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። አንዳንዷ እህት «መጀመሪያ ጠርቶልኝ ነበር፣ ከወር በኋላ ተመልሶ ደበዘዘ» የምትለው ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

እንዴት ትጠረጥሪዋለሽ?

ሞራ ሁሉን ነገር እንደ ጉም ያለብሰዋል፤ የመኪና መብራት ይበታተንብሻል፣ ቀለም ይደበዝዝብሻል። የማኩላ እብጠት ደግሞ መሐሉን ነው የሚነካው። የሰውዬው ትከሻ ይታይሻል፣ ፊቱ ግን አይለይሽም። የኩሽናው ሴራሚክ ቀጥ ያለ መስመር የተጣመመ ይመስልሻል። አንድ ዓይንሽን በእጅሽ ሸፍነሽ በሌላው ሴራሚኩን እዪ፤ ከዚያ ቀይሪ። በሁለቱ ዓይኖችሽ መካከል ልዩነት ካየሽ ለሐኪም ንገሪ።

እብጠቱ አያምም። መጀመሪያ ላይ ምንም ምልክት ላይኖረውም ይችላል። ስለዚህ የ2ኛው ዓይነት ስኳር ያለባት ሴት በሽታው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በየዓመቱ ሬቲናዋን መታየት አለባት፤ ዓይኗ ደህና ቢመስላትም። ስኳር እያለባት ያረገዘች ደግሞ በእርግዝናው የመጀመሪያ ሦስት ወራት መታየት ይኖርባታል።

ከኦፕሬሽኑ በፊት የምትጠይቂው

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ሬቲናዬ ታይቷል ወይ?» ሐኪሙ ብሌንሽን በጠብታ አስፍቶ ከኋላ ያያል። ኦሲቲ የሚባል መሣሪያም አለ፤ አገጭሽን አስደግፈሽ ትቀመጫለሽ፣ ሬቲናሽን በጥቂት ደቂቃ በብርሃን ያነሣል። አይነካም፣ አያምም። እብጠት መኖሩን፣ ምን ያህል እንደሆነም በቁጥር ያሳያል። ሞራው በጣም ጠንክሮ ሬቲናው ካልታየ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ዝርዝሩ ከኦፕሬሽኑ በኋላ በድጋሚ ይመረመራል።

ለሐኪሙ ሳትደብቂ የምትነግሪው፦

• ስኳር መቼ እንደጀመረሽ፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስጂ። ፒዮግሊታዞን የሚባል የስኳር ኪኒን የማኩላን እብጠት ሊያባብስ ስለሚችል ካርቶኑን ይዘሽ ሂጂ።
• ግፊት፣ ኩላሊት ወይም ኮሌስትሮል ካለብሽ። እነዚህ ካልተያዙ ዓይኑም አይደርቅም።
• ስትሮክ ወይም የልብ ድካም ደርሶብሽ ከሆነ።
• ካረገዝሽ ወይም ከጠረጠርሽ። አንዳንዱ የዓይን መርፌ ለእርጉዝ አይሰጥም።

የሦስት ወር አማካይ ስኳርሽንም ጠይቂ። እዚህ «ሱከር ተራኩሚ» ይሉታል። ለብዙ ሰው ግቡ ከ7 በመቶ በታች ነው፤ ለአንቺ የሚሆነውን ሐኪምሽ ይወስናል። ግን «ኦፕሬሽኑ ደርሷል» ብለሽ ራስሽን በረሃብ አትቅጪ፣ መድኃኒትም በራስሽ አትጨምሪ። ለብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ የኖረ ስኳር በድንገት ሲወርድ የሬቲናውን ጉዳት ለጊዜው ሊያባብሰው ይችላል።

ሁለቱ አብረው እንዴት ይታከማሉ?

ቅደም ተከተሉ ከሰው ሰው ይለያያል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙኝ ሦስት መንገዶች ናቸው።

የመጀመሪያው፦ እብጠቱ ቀድሞ ከታወቀና ሞራው ጊዜ ከሰጠ፣ መጀመሪያ እብጠቱ በመርፌ ይታከማል፤ ማኩላው ሲደርቅ ሞራው ይነሣል። መካ ምግብ የሚያበስሉ አንዲት እትዬ እንዲህ ነበር የተደረገላቸው። «ሞራ አንሡልኝ ብዬ ሄጄ መርፌ ይወጉኛል» ብለው ተቆጥተው ደውለውልኝ ነበር። ሐኪሙ የኦሲቲውን ፎቶ ሲያሳያቸው፣ መሐሉ እንደ ኮረብታ አብጦ በዓይናቸው አይተው ተረጋጉ። ከሦስት መርፌ በኋላ ኮረብታው ዝቅ አለ፣ ከዚያ ሞራው ተነሣ።

ሁለተኛው፦ ሞራው ሬቲናውን ጋርዶ ወይም ሌላ ምክንያት ኖሮ መጠበቅ ካልተቻለ፣ ሞራው በሚነሣበት በዚያው ቀን፣ በዚያው አልጋ ላይ መርፌውም ይሰጣል። ሕክምናው ግን በዚያ ቀን አያበቃም፤ መርፌው ከዚያም በኋላ ይቀጥላል።

ሦስተኛው፦ እብጠቱ ከኦፕሬሽኑ በኋላ ሲገለጥ። ያኔ ጠብታ፣ መርፌ ወይም ሁለቱም ይታዘዛሉ። ስለዚህ ከኦፕሬሽኑ አራት ሳምንት ገደማ በኋላ ያለውን ቀጠሮ በፍጹም አትለፊው፤ «ኦሲቲ ይነሣልኝ ወይ?» ብለሽም ጠይቂ።

ሌዘርም አለ። ለአንዳንድ የሚያንጠባጥቡ ሥሮችና ለከፋ የሬቲና ጉዳት ይጠቅማል፤ የማኩላን መሐል ለሚነካ እብጠት ግን ዛሬ ቀዳሚው ሕክምና መርፌ ነው።

ስለ መርፌው፣ ሳንፈራ

ዓይን ውስጥ መርፌ ሲባል የማይደነግጥ የለም። ዓይኑ በጠብታ ይደነዝዛል፣ በአዮዲን ይታጠባል፣ ሽፋሽፍቱ በመያዣ ይያዛል። መርፌው ቀጭን ነው፤ በነጩ የዓይን ክፍል በኩል ይገባል፣ በሰከንዶች ያልቃል። ግፊት ይሰማሻል። ከዚያ በኋላ ነጩ ላይ ቀይ ነጥብ ወይም ለጥቂት ጊዜ የሚንሳፈፉ ጥቋቁር ነገሮች ብታዪ የተለመደ ነው።

መድኃኒቱ ምን ያደርጋል? ደም በደንብ ያልደረሰው ሬቲና የደም ሥርን የሚያፈስስ ኬሚካል ያመነጫል። መርፌው ይህን ኬሚካል ያግደዋል። የምትሰሚያቸው ስሞች አቫስቲን፣ ሉሴንቲስና አይሊያ ናቸው። አቫስቲን መጀመሪያ ለካንሰር የተሠራ መድኃኒት ነው። ኢንተርኔት ላይ ያንን አንብባ «ካንሰር አለብሽ ማለታቸው ነው» ብላ ያለቀሰች እህት አውቃለሁ። ካንሰር አለብሽ ማለት አይደለም። ያንኑ የሚያግደውን ኬሚካል ዓይን ውስጥም ስለሚያግድ ነው የሚሰጠው። ዋጋውም ከሌሎቹ በጣም ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የወጣ፣ በአሜሪካ በ660 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሦስቱን አወዳድሯል። እይታቸው በመጠኑ ብቻ ለቀነሰ ሰዎች ሦስቱም ተመሳሳይ ውጤት ሰጡ፤ እይታቸው ይበልጥ ለቀነሰባቸው ግን በመጀመሪያው ዓመት አይሊያ በልጧል። ርካሹ የሐሰት መድኃኒት አይደለም፤ የትኛው ለአንቺ እንደሚሻል ግን መጠየቅ ትችያለሽ።

መርፌው አንዴ ተሰጥቶ አያበቃም። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት በየወሩ ይሰጣል፣ ከዚያ እየተራራቀ ይሄዳል። ለአንዳንዶች በምትኩ ስቴሮይድ ይሰጣል፤ ስቴሮይድ የዓይንን ግፊት ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ግፊቱ መለካት አለበት።

ክሊኒክ ውስጥ የሚጠቅሙሽ ቃላት

• ዒንዲ ሱከር — ስኳር አለብኝ
• ሞያ በይዳ — የዓይን ሞራ
• ሸበኪያ — ሬቲና
• ኢርቲሻሕ — ፈሳሽ መቋጠር፣ የሬቲና እብጠት
• ኢብራ ፊል ዐይን — ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ
• ገጥራ — ጠብታ
• መውዒድ — ቀጠሮ
• ተቅሪር ጢቢ — የሕክምና ሪፖርት
• አብጋ ፈሕስ ሸበኪያ ገብል አል ዐመሊያ — ከኦፕሬሽኑ በፊት የሬቲና ምርመራ እፈልጋለሁ

ይህችን የመጨረሻዋን ስልክሽ ላይ ጽፈሽ ያዣት። ማዳም ከሐኪሙ ጋር ስታወራ አንቺ ዝም ብለሽ ብትቀመጪ እንኳ፣ ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪ።

የት ይታያል?

ጅዳ ውስጥ በመንግሥት በኩል የጅዳ ዓይን ሆስፒታል አለ። በግል በኩል ከታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1955 እዚያው ጅዳ የተመሠረተው መግረቢ ነው። መካ ላይ እንደ አል ኑር ሆስፒታልና የንጉሥ አብዱላህ የሕክምና ከተማ ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች አሉ። በመንግሥት በኩል መንገዱ ብዙ ጊዜ ከሰፈርሽ ጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ኢቃማ ይጠየቃል፣ ከዚያ ሪፈር ይጻፋል። 937 ብትደውዪ የሳውዲ ጤና ሚኒስቴር በማንኛውም ሰዓት ያማክርሻል።

ሁለት ነገር አስቀድመሽ አስቢ። ሙስሊም ያልሆነ ሰው መካ አይገባም። ስለዚህ ክርስቲያን ከሆንሽና ሪፈርሽ ወደ መካ ከተጻፈ፣ እዚያው ሳለሽ ወደ ጅዳ እንዲለወጥልሽ ጠይቂ። በሐጅ ሰሞን ደግሞ ፈቃድ የሌለው ወይም ኢቃማው መካ ያልወጣ ሰው ወደ መካ አይገባም። የጅዳ ነዋሪ ሆነሽ የመርፌ ቀጠሮሽ መካ ከሆነ፣ ከሐጅ ጋር እንዳይጋጭ ቀኑን አስቀድመሽ አስተካክዪ።

ወደ ቤት ስትመለሺ

የሞራ ኦፕሬሽን አጭር ነው፤ አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኛ ጋ ችግሩ የሚመለሱበት ቤት የሥራ ቦታ መሆኑ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን ሐኪሙ ራሱ ለአሠሪሽ እንዲነግርልሽ ጠይቂ፦

• ከባድ ነገር አታንሺ። ምንጣፍ፣ የውሃ ጀሪካን፣ የጋዝ ሲሊንደር ለሌላ ሰው ይተው። ስንት ቀን እንደሆነ ሐኪሙ ይንገርሽ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ነው።
• ክሎሮክስና ሌላ ኃይለኛ ማጽጃ፣ አቧራ ማራገፍ፣ የዘይት ጢስና የበኹር ጢስ ከዓይንሽ ይራቁ።
• ዓይንሽን አትሺው። ሌሊት ሽፋኑን አድርጊ። የቧንቧ ውሃና ሳሙና አይግባበት።
• ከጠብታው በፊት እጅሽን ታጠቢ፤ የጠርሙሱ ጫፍ ዓይንሽን አይንካ። ሁለት ዓይነት ጠብታ ካለሽ በመሐሉ አምስት ደቂቃ ጠብቂ። ጠብታው ብግነቱን የሚያበርድ ስለሆነ «ተሻለኝ» ብለሽ አታቋርጪ።

ሰላት ለምትሰግጂ፦ ውዱእ ላይ ውሃ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ፣ ሱጁድም ለጥቂት ቀናት ተቀምጦ ይሁን ወይ ብለሽ ሐኪሙን ጠይቂ። በረመዳን ጠብታ ያቋረጡ እህቶች አጋጥመውኛል። መቀመጫው ጅዳ የሆነው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 እዚያው ጅዳ ባደረገው ስብሰባ የዓይን ጠብታ ጾም እንደማያስፈታ ወስኗል። የስኳር መድኃኒትና ጾም ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ረመዳንም ሆነ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ሐኪምሽን አማክሪ።

የምታስታምሚያቸው እማማ ወይም ባባ ስኳር ኖሯቸው ለሞራ ኦፕሬሽን ከተዘጋጁም ይኸው ሁሉ ለእሳቸው ይሠራል። ጠብታውን የምታደርጊው አንቺ ነሽና ሰዓቱን በወረቀት ጻፊ። የመጣ ለውጥ ካለ ቀድማ የምታየው የምታስታምመው ናት።

አሠሪሽን ስታናግሪ

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። አሠሪዋ ኦፕሬሽኑን ይከፍላል፣ ከዚያ ሦስት መርፌና አራት ቀጠሮ ሲመጣ «ጨርሰናል አላልሽም?» ይላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን እንዲህ በዪ፦ «ሕክምናው አንድ ቀን አያልቅም። ከኦፕሬሽኑ በፊትና በኋላ ቀጠሮዎች አሉ። ካልጨረስኩት ኦፕሬሽኑም ከንቱ ይሆናል።» ሐኪሙ ይህን በጽሑፍ ቢሰጥሽ ይበልጥ ይጠቅምሻል፤ ከሠራተኛ ቃል ይልቅ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰማል።

በሕጉ በኩል ማወቅ ያለብሽ፦ በሐኪም ወረቀት የተረጋገጠ የሕመም ዕረፍት በዓመት እስከ 30 ቀን አለሽ። በሳምንት የአንድ ቀን ዕረፍት አለሽ፤ ቀጠሮሽን በእሱ ቀን ማስያዝ ትችያለሽ፣ ዕረፍትሽን ግን ሕመም አይበላውም። ፓስፖርትሽን አሠሪ መያዝ አይፈቀድለትም። ከአራት በላይ የቤት ሠራተኞች ያሉት አሠሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የጤና መድን እንዲገባላቸው ግዴታ ተጥሎበታል። ክርክር ከመጣ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ ቁጥር 19911 ነው፤ ጅዳ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤትም አለ።

አገር ቤት የምትገቢ ከሆነ

ኮንትራትሽ በመርፌው መሐል የሚያልቅ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪ። ከመሄድሽ በፊት ተቅሪር ጢቢ፣ የኦሲቲውን ፎቶ፣ የተሰጠሽን መርፌ ስምና ቀን፣ የተተከለልሽን ሌንስ ካርድ ተቀበዪ። አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ጎንደርና ጅማ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የዓይን ክፍል አላቸው። ወረቀቱ በእጅሽ ካለ ከዜሮ አትጀምሪም። «አገሬ ገብቼ አርፌ እታከማለሁ» ብለሽ ግን ወራት አታሳልፊ፤ ለረጅም ጊዜ ያበጠ ማኩላ ቢደርቅም እይታው ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ፦ ሬቲናሽ ተላቆ ወይም ዓይንሽ ውስጥ ደም ፈሶ ትልቁ የሬቲና ኦፕሬሽን ከተደረገልሽ፣ ዓይንሽ ውስጥ ጋዝ ተደርጎ እንደሆነ ጠይቂ። ጋዝ ካለ ሐኪሙ «አለቀ» እስኪልሽ አውሮፕላን አትሳፈሪ። ቤተሰቡ ለክረምት ወደ ጣኢፍ ሲወጣም አብረሽ አትውጪ። ከፍታው ጋዙን አስፍቶ ዓይንሽን ሊያጠፋው ይችላል።

ሳትውዪ ሳታድሪ የምትሄጂበት ምልክት

ከኦፕሬሽን ወይም ከመርፌ በኋላ ባሉት ቀናት ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ዓይንሽ እየቀላ ብርሃን ከከበደው፣ እይታሽ እየቀነሰ ከመጣ፣ መግል ካየሽ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ድንገት ብልጭታ፣ ብዙ ጥቋቁር ነጥቦች ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካየሽ ሬቲናው ሊላቅ ነው። ሁለቱም የሰዓታት ጉዳይ ናቸው። ማዳም እስክትነቃ፣ ባባ ከሥራ እስኪመለስ አትጠብቂ፤ ቀስቅሻቸው። የሚወስድሽ ካጣሽ በጅዳም በመካም 911፣ ለቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ደግሞ 997 ደውዪ። ለሚያነሣው ሰው «ዐመሊያ ፊል ዐይን፣ ወጀዕ ሸዲድ» በዪው፤ ዓይኔ ኦፕሬሽን ተደርጓል፣ ከባድ ሕመም አለኝ ማለት ነው።